የገና ጾም፦ ለምን ይጾማል? እንዴትስ ይጾማል?

ኅዳር ሲጋመስ በጎንደር ቆላ ያለው አብደራፊና አካባቢው ሥራ ይበዛበታል። ሰሊጡ ታጭዶና ተራግፎ ገበያ ወጥቷል። ማሽላው ግን ገና ማሳ ላይ ነው፤ ጥጡም ለቃሚ ይጠብቃል። ከጎጃም፣ ከወሎና ከደጋው ጎንደር የወረዱ የቀን ሠራተኞች በየእርሻው ካምፕ አሉ። የገና ጾም የሚገባው በዚህ ግርግር መሀል ነው። ብዙ ሰው ጾሙን ከልጅነቱ ጀምሮ ይጾማል። ስንት ቀን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚጾም፣ ከልደት በፊት ያሉት ሳምንታት ምን እንደሚባሉ ሲጠየቅ ግን ያመነታል። እስኪ አንድ በአንድ እንየው።

መቼ ይገባል? በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጾሙ ኅዳር 15 ይገባል፤ ታኅሣሥ 28 ተጾሞ በማግስቱ ይፈታል። የመጽሐፍ ስሙ ጾመ ነቢያት ነው። ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት፣ ማለትም ምእመን ሁሉ እንዲጾማቸው ከታዘዙት ጾሞች አንዱ ነው።

ስንት ቀን ነው? በጣትዎ ቢቆጥሩ 44 ይመጣል። 40ው ሙሴ በሲና ተራራ የጾማቸው ቀናት ቁጥር ነው። ሦስቱ ቀናት የአብርሃም ሶርያዊ መታሰቢያ ናቸው። እኚህ አባት በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ ፓትርያርክ ነበሩ። የግብፁ ገዥ እምነታችሁ እውነት ከሆነ ተራራ አንቀሳቅሱ ብሎ ባስጨነቃቸው ጊዜ ከሕዝባቸው ጋር ሦስት ቀን ጾሙ፤ በካይሮ አጠገብ ያለው የሙቀጠም ተራራም ተነቃነቀ ይላል ትውፊቱ። የቀረችው አንዷ ቀን ገሃድ ናት። ገሃድ ማለት የበዓል ዋዜማ ጾም ነው። በገሃድ ስለተጾመ፣ ልደት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም የፍስክ ምግብ ይበላል። ይህን በየዓመቱ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም።

አንዳንድ ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 የሚውለውስ ለምንድን ነው? መልሱ ቀላል ሒሳብ ነው። የጌታ ፅንሰት መጋቢት 29 ይታሰባል። ከዚያ እስከ ልደት ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ ማለትም 275 ቀን ይቆጠራል። ጳጉሜን አምስት ስትሆን ቆጠራው ታኅሣሥ 29 ላይ ይሞላል። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ግን አንድ ቀን ቀድሞ በ28 ይሞላል። ይህ የሚሆነው በየአራት ዓመቱ በዘመነ ዮሐንስ ነው። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ ይሆናል። በእነዚያ ዓመታት ጾሙም ኅዳር 14 ይገባል፤ የቀኑ ብዛት አይለወጥም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ነቢያት የጾሙት ምን ፈልገው ነው?

ነገሩ ከአዳም ይጀምራል። አዳም ከገነት ሲወጣ ባዶ እጁን አልወጣም ትላለች ቤተ ክርስቲያን፤ ተስፋ ተሰጥቶት ነው የወጣው። ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ ከልጅ ልጁ ተወልዶ እንደሚያድነው እግዚአብሔር ቃል ገባለት። በእግዚአብሔር ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ስለሆነ፣ አምስት ቀን ተኩል ማለት 5500 ዓመት ነው። የእኛ የዘመን አቆጣጠር ራሱ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ከልደት በፊት ያለው 5500 ዘመን ዓመተ ፍዳ ይባላል፤ ከልደት ወዲህ ያለው ዓመተ ምሕረት። ባሕረ ሐሳብ የሚያሰሉ መምህራን የዓለምን ዕድሜ ሲፈልጉ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምራሉ። በ2016 ላይ ሲደምሩ 7516 ያገኛሉ። እርስዎም የሰሊጥ ሽያጭ ውል ላይ ዓ.ም. ብለው ሲፈርሙ የዚያን ቃል ኪዳን መፈጸም እየመሰከሩ ነው።

ነቢያት የመጡት በዚያ ረጅም ዘመን መሀል ነው። ኢሳይያስ ድንግል እንደምትወልድ ተናገረ። ሚክያስ የት እንደሚወለድ ሳይቀር ቤተ ልሔም ብሎ አመለከተ። ዳዊት በመዝሙሩ ለመነ። ግን አብዛኞቹ የተናገሩትን ሳያዩ ሞቱ። እኔን ከሁሉም የሚነካኝ ይህ ነው። ሰሊጥ የዘራ ገበሬ ቢያንስ በመስከረም እንደሚያጭድ ያውቃል፤ እነሱ ግን አዝመራውን ሌላ ትውልድ እንደሚሰበስበው እያወቁ ዘሩ። ተስፋቸው ለራሳቸው ብቻ አልነበረም።

ከመጨረሻዎቹ ጠባቂዎች አንዱ ስምዖን ነው። ሕፃኑ በተወለደ በ40ኛው ቀን ቤተ መቅደስ ሲገባ አረጋዊው ታቀፈው፤ ከዚያ በኋላ በሰላም ለመሞት ፈቃድ ለመነ። ቤተ ክርስቲያን ይህን የካቲት 8 ታስበዋለች።

ታዲያ ክርስቶስ ከተወለደ ይኸው 2000 ዓመት አልፏል፤ አሁን ምን ልንጠብቅ ነው የምንጾመው? ተገቢ ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ጾሙ እኛን ከነዚያ ጠባቂዎች ጎን ያቆመናል። የተሰጠንን የምናውቀው ያጡትን ሰዎች ረኃብ ስንካፈል ነው። ሁለተኛ፣ ጥበቃው አላለቀም። ጌታ ዳግም እንደሚመጣ እናምናለን፤ በዐቢይ ጾም እኩሌታ የምናከብረው ደብረ ዘይትም ይህንኑ ያስታውሰናል። የመጀመሪያው ቃል ስለተፈጸመ ሁለተኛውም አይቀርም ብለን ነው የምንጾመው።

ጾሙ ሊያልቅ ሲል ሦስት ሳምንታት ተለይተው ይታሰባሉ። ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ያለው ስብከት ይባላል፤ ነቢያት መምጣቱን የሰበኩበት ነው። ከ14 እስከ 20 ያለው ብርሃን ነው። ከ21 እስከ 27 ያለው ደግሞ ኖላዊ ይባላል፤ ኖላዊ እረኛ ማለት ነው። በሦስቱ እሑዶች ዲያቆኑ የሚሰብከው ምስባክ፣ ማለትም ከወንጌል በፊት የሚዜመው የመዝሙር ክፍል፣ የዳዊት ልመና ነው። በመጀመሪያው እጅህን ከላይ ላክ ይላል፤ በሁለተኛው ብርሃንህን፤ በሦስተኛው እረኛውን ይጣራል። ግእዙን ባይሰሙም ይህን ይዘው ቢቆሙ ቅዳሴው ሌላ ይሆንልዎታል። የምዕራቡ ዓለም አብያተ ክርስቲያናትም አድቬንት የሚሉት የአራት እሑዶች ዝግጅት አላቸው፤ የሚጠብቁት ያንኑ ነው።

አጿጿሙስ? ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይበላም። ከሰኞ እስከ ዓርብ እህል ሳይቀምሱ ይዋላል፤ ልማዱ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። ቅዳሜና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መብላት ይቻላል፤ ምግቡ ግን ያው የጾም ነው። ቆላው በዚህ በኩል ታድሏል። የማሽላ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ የሰሊጥ ፍትፍት አለ። ዘይት ሲወደድ ሰሊጡን ቆልቶና ወቅጦ የሚያጣፍጥ ቤት ብዙ ነው።

የሚያስከፍለው ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። ለወተትና ለቅቤ ሻጭ፣ ለሉካንዳ ባለቤት 44 ቀን ገበያ ይቀዘቅዛል። በበዓሉ ዋዜማ ደግሞ በግና ዶሮ ይወደዳል። ጎረቤት ተሰብስቦ አንድ በሬ ገዝቶ ቅርጫ የሚገባው፣ ማለትም ሥጋውን በመደብ የሚካፈለው፣ ወጪውን ለማቅለል ነው። ገንዘቡን አስቀድማችሁ ብታዋጡ በዋዜማ ከመበደር ትድናላችሁ። ከሁሉ የሚከብደው ግን የጉልበቱ ዋጋ ነው። በአብደራፊ ፀሐይ ማሽላ እያጨዱ እስከ 9 ሰዓት መዋል ቀላል አይደለም።

የማይችልስ? የታመመ ሰው አይገደድም፤ ፍትሐ ነገሥትም ይህን ይፈቅዳል። በዚህ አካባቢ ወባና ካላዛር አሉ። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ ሰውን የሚያከሳ፣ ካልታከሙት የሚገድል በሽታ ነው። በሕክምና ላይ ያለ ሰው መድኃኒቱን ለጾም ብሎ እንዳያቋርጥ፤ ምግቡንም ሐኪም እንዳዘዘው ይመገብ። ነፍሰ ጡርና አራስም እንዲሁ። ከባድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሰዓቱን ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር። አባቶች ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሰዓቱን ያሳጥሩለታል፤ ምግቡን ጠብቆ ይጾማል። ማፈር አያስፈልግም።

በጾሙ የሚተርፈው ገንዘብስ የት ይሄዳል? ለምጽዋት ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች በመተማ ዮሐንስ በኩል ገብተዋል። ከዚህ ጾም አስቀድሞ በዘመነ ጽጌ፣ እመቤታችን ሕፃኗን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን ዘምረናል። ያን የዘመረ ሰው ስደተኛ በሩን ሲያንኳኳ ሃይማኖቱን መጠየቅ አይገባውም።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ለዚህ አገር ከሁሉ ይበልጣል ብዬ የማምነውም እሱን ነው። ልደቱን የተነበየው ያው ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ላይ ስለ ጾም ይናገራል። እየጾሙ ሠራተኞቻቸውን የሚያስጨንቁትን ይወቅሳል፤ የሚወደደው ጾም የተጨቆነውን መልቀቅ፣ እንጀራን ለተራበ መቁረስ መሆኑን ይናገራል። ያዕቆብም በመልእክቱ ያጨዱ ሰዎች የተከለከሉት ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ጽፏል። ይህ በጥንት ዘመን ለሩቅ ሰው የተጻፈ ሊመስል ይችላል፤ እዚህ ግን እንደዛሬ ይነበባል። ከየካምፑ ሒሳቡን ሳይቀበል የሚሰናበት፣ ነገ ተነገ ወዲያ እየተባለ የሚመላለስ ልጅ ታውቃላችሁ። ያ ልጅ እናቱ ዘንድ ለገና መድረስ ይፈልጋል። በሳንጃ በኩል ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ቀዬው የሚሳፈርበት ገንዘብ ያው የላቡ ዋጋ ነው።

ስለዚህ ባለ እርሻ ከሆኑ፣ ደላላ ወይም ተቆጣጣሪም ከሆኑ፣ ከገሃድ በፊት የሠራተኞችዎን ሒሳብ ይዝጉ። ያጎደሉት ካለ ይሙሉ። ገንዘቡ እጅዎ ላይ ከሌለ ቀኑን ቆርጠው በምስክር ፊት ይንገሯቸው፤ በቀኑም ይክፈሏቸው።