«ካካዎ»፦ የቃሉና የቤተ ሙከራው ምስክርነት

በጓቴማላ፣ በጥንታዊቷ የማያ ከተማ በሪዮ አሱል፣ በ1984 እ.ኤ.አ. «መቃብር 19» ከተባለው የመሳፍንት መቃብር ክዳኑ ተጠምዝዞ የሚገጥም የሸክላ ዕቃ ተገኘ። በላዩ ከተጻፉት ቃላት አንዱን ዴቪድ ስቱዋርት «ካካው» ሲል አነበበው። አማርኛው «ካካዎ» በአውሮፓ ልሳናት በኩል የደረሰን የዚሁ ቃል ዘመድ ነው።

በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው የኬሚካል ትንተና በዕቃው ውስጥ የደረቀው ዝቃጭ ቴኦብሮሚንና ካፌይን እንዳለበት አረጋገጠ፤ ንባቡም ከጽሑፍ ውጭ ምስክር አገኘ።

እነዚህን ሁለቱን «አነቃቂ ንጥረ ነገር» በሚል አንድ ስያሜ የሚያጠቃልል ተርጓሚ ማስረጃውን ያጠፋል። ካፌይን በቡናም ይገኛልና፤ ወደ ካካዎ የሚያመለክተው በተለይ ቴኦብሮሚን ነው። ስለዚህ ሁለቱ ስሞች ተለይተው ሊጻፉ ይገባል። «ቸኮላት» የሚለውም ለተዘጋጀው ምግብ ይቆይ፤ ለዛፉና ለፍሬው «ካካዎ» ይበቃል።