በጎንደርና በመቀሌ መካከል፤ ስለ 2011 ዓ.ም. የጥሎ ማለፍ ዋንጫ

በሰቆጣ ከተማ ቆሞ ፊቱን ወደ ሰሜን ለሚያቀና ሰው ከአበርገሌ ቆላ ማዶ መቀሌ አለች፤ ወደ ምዕራብ ለሚመለስ ደግሞ ተከዜን ተሻግሮ ከስሜን ተራሮች ባሻገር ጎንደር አለች። የዋግ ሰው ከጥንት ጀምሮ ከሁለቱም ወገን ጋር ሲገበያይና ሲጋባ የኖረ ስለ ሆነ፥ ወደ አንደኛው ሲሄድ ሁለተኛውን እንደ ባዕድ አገር አይቈጥረውም። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ እግር ኳስ ሁለቱ ታላላቅ ዋንጫዎች በተሸለሙ ጊዜ፥ አንደኛው ወደ መቀሌ፥ ሁለተኛው ወደ ጎንደር መሄዱ በዋግ ደጋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ከሌላው ይልቅ የሚቀርብ ወሬ ነበረ። የሊጉን ዋንጫ መቀሌ 70 እንደርታ ወሰደ፤ የጥሎ ማለፉን ዋንጫ ፋሲል ከነማ ወሰደ። እኛም ዛሬ ልንጽፍበት ያሰብነው ስለ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያውንም ሳናነሣ ልናልፈው አንችልም።

ከአንባቢዎቻችን መካከል፥ ይልቁንም በቤተ ክህነት አገልግሎት ከሚደክሙት አባቶች መካከል፥ የሁለቱን ዋንጫ ልዩነት ለመመርመር ጊዜ ያላገኘ ይኖር ይሆናልና በአጭሩ እናስረዳ። ሊግ የሚባለው እያንዳንዱ ክለብ ከሌላው ሁሉ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ተገናኝቶ፥ ለድል ሦስት፥ ለእኩል መውጣት አንድ ነጥብ እየተቈጠረለት፥ በዓመቱ መጨረሻ ድምሩ የሚታይበት ነው። ዛሬ የወደቀ ነገ ሊነሣ ይችላል፤ ገንዘብና ብዙ ተጫዋች ያለው ክለብም ውሎ አድሮ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ጥሎ ማለፍ ግን እንደ ስሙ ነው፤ የጣለ ያልፋል፥ የወደቀ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ጸሐፊ በልጅነቱ በቅኔ ቤት ያየውን ያስታውሰዋል፤ ተማሪው ቆሞ ቅኔውን በዘረፈ ጊዜ፥ ቤቱ ቢሰበርበት፥ ትናንት መልካም ዘርፌ ነበር ብሎ አይከራከርም።

ሁለቱ ወገኖች እኩል ከወጡ የመለያ ምት ይመታሉ። ይህ ሥርዓት በዓለም አቀፉ የጨዋታ ሕግ የገባው በ1962 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከዚያ በፊት ጨዋታው ይደገም ወይም ዕጣ ይጣል ነበረ። ዕጣ ማትያስን ለሐዋርያነት ለመለየት የተገባ ነበረ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሮጦ ለደከመ ጎልማሳ ግን ከባድ ፍርድ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ውድድር ጥንቱ በእንግሊዝ አገር ነው። በ1864 ዓ.ም. 15 ክለቦች ተመዝግበው የመጀመሪያው ዋንጫ ተደረገ፤ ዛሬ በዚያው ዋንጫ በየዓመቱ ከ700 የሚበልጡ ክለቦች ይገባሉ። ከእነዚህም የሚበዙት ተጫዋቾቻቸው ቀን በሥራ ውለው ማታ የሚለማመዱ የመንደር ክለቦች ናቸው። በእኛ አገር ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመሠረተ፤ ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቈይ ጠላት አገራችንን ያዘ። ዋግ ሹም ኃይሉ ከበደ በዋግ ተራሮች ላይ ሲዋጉ ቆይተው በመስከረም 1930 ዓ.ም. በወደቁበት ዘመን፥ በዋና ከተማው የኢትዮጵያውያን ኳስ ከነጮቹ ኳስ ተለይቶ ይደረግ ነበረ። ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በ1936 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ ከእንግሊዞች፥ ከግሪኮች፥ ከአርመኖችና ከጣልያኖች ቡድኖች ጋር በአንድ ሜዳ ተወዳደረ፤ በ1937 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ዋንጫ ተጀመረ። የጥሎ ማለፉ ዋንጫ እንግዲህ ከሊጉ ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ በኋለኛው ዘመን እንደ ታናሽ ወንድም ቢታይ።

ታናሽ ወንድም ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ታናሹ በር የሚከፍት ቁልፍ ይዞ ነበረ። የሊጉ አሸናፊ ወደ አፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ሲላክ፥ የጥሎ ማለፉ አሸናፊ ወደ አፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ይላክ ነበረ። በ2009 ዓ.ም. ይህን ዋንጫ ያነሣው የወላይታ ድቻ ክለብ ነው። የሶዶው ክለብ በዚህ መብት ወጥቶ፥ በ2010 ዓ.ም. ከግብፁ ዛማሌክ ጋር ተገናኘ። ዛማሌክ በ1903 ዓ.ም. የተመሠረተና አምስት ጊዜ የአፍሪካ ክለቦች አሸናፊ የሆነ ታላቅ ክለብ ነው። ድቻ በሐዋሳ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በካይሮ 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ ድምሩ እኩል ስለ ሆነ ወደ መለያ ምት ሄዱና ድቻ 4 ለ 3 ረቶ አለፈ። ይህን ወሬ የሰማ ሰው፥ በሊግ ድምር ቢሆን ኖሮ የሶዶ ልጆች ዛማሌክን በሕይወታቸው ያዩት ነበርን ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ወደ 2011 ዓ.ም. እንመለስ። በዚያ ዓመት ፋሲል ከነማ ሊጉን ለመውሰድ እስከ መጨረሻው ቀን ተስፋ ነበረው፤ በመጨረሻው ቀን ግን ከእጁ ወጣና መቀሌ ወሰደው። ዓመቱ በሌላም ነገር የከበደ ነበረ። ሰኔ 15 ቀን በባሕር ዳር የአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድርና የሥራ ባልደረቦቻቸው፥ በአዲስ አበባም የመከላከያ ሠራዊት ኤታማዦር ሹም ተገደሉ። እንዲህ ባለ ክረምት ኳስ ምንድር ነው የሚል ሰው አይጠፋም፤ ይህ ጸሐፊም በዚያን ጊዜ እንዲሁ ብሎ ነበረ። ነገር ግን ሊጉን ያጣው የጎንደር ክለብ የጥሎ ማለፉን ዋንጫ አንሥቶ፥ በነሐሴ ወር ከታንዛኒያው አዛም ጋር በባሕር ዳር ስታዲዮም በተገናኘ ጊዜ፥ ከሁለት ወር በፊት ያለቀሰችው ከተማ ለጨዋታ ወጣች። ፋሲል 1 ለ 0 አሸነፈ። በዳሬሰላም ግን 3 ለ 1 ተሸንፎ ወደቀ። መቀሌም በሻምፒዮንስ ሊግ የመጀመሪያውን ዙር ሳያልፍ ቀረ። ሁለቱም አገራቸውን ወክለው ሄዱ፥ ሁለቱም በአንድ ክረምት ተመለሱ።

ስለ ጨዋታው ብቻ ብንጽፍ እዚህ ላይ እናቆም ነበረ። ነገር ግን በዚያ ዘመን የአማራና የትግራይ ክለቦች ሲገናኙ ነገሩ ኳስ ብቻ እንዳልነበረ መሸሸግ አይገባም። በኅዳር 2010 ዓ.ም. በወልድያ ከተማ የወልድያና የመቀሌ ክለቦች ሊጫወቱ በነበረበት ቀን ጠብ ተነሥቶ ጨዋታው ሳይደረግ ቀረ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ፥ ንብረትም ወደመ። ያ የወልድያ ስታዲዮም በጥር 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ለዚያ አውራጃ ሁሉ ደስታ ነበረ፤ ለሰቆጣ ወጣትም ከሁሉ የሚቀርበው ታላቅ ሜዳ ይኸው ነው። አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው የሐዘን ስፍራ ሆነ።

አባቶቻችን በዚህ ነገር ከእኛ የተሻለ ሥርዓት ነበራቸው። በደጋው አገራችን የገና ጨዋታ በልደት ሰሞን ሲደረግ ሰፈር ከሰፈር፥ ደብር ከደብር ይገጥማል፤ እሩሩን በዱላ እየመቱ ከተቃራኒው ወሰን ያሳልፋሉ። ዱላ በእጅ ሳለ ሰው መመታቱ አይቀርም፤ ሎሌ ጌታውን ቢመታ እንኳ ጌታው እንዳይቈጣ በልማድ የታወቀ ነበረ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ የተሸነፈው ወገን ይሰደባል፥ ይዘፈንበታል፤ ማታ ግን በአንድ ቤት ይበላል። የስድቡን ግጥም ሰምቶ መሣቅ የማይችል ሰው ከመጀመሪያው ባይገባ ይሻለው ነበረ። የዛሬው እግር ኳስ ዳኛና ፊሽካ፥ ቢጫና ቀይ ካርድ አለው፤ ያንን የማታ ማዕድ ግን አልወረሰም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቃል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። በዚያው ዓመት ፋሲል ከነማ ሊጉን አሸነፈ፤ በ2011 ዓ.ም. በመጨረሻው ቀን የቀደመው መቀሌ ግን በሜዳው ላይ አልነበረም፤ የወልዋሎ አዲግራትና የስሑል ሽረ ክለቦችም እንዲሁ። ሳይፋለሙት የጠፋ ባላጋራ ከተሸነፉለት ባላጋራ ይልቅ ያጐድላል። በዚያው ክረምት ጦርነቱ ሰቆጣ ደረሰ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለ ሕዝብ ወደ ሰቆጣ ወጣ፤ በነሐሴ 16 ቀን ሻደይ የሚጫወቱት ልጃገረዶችም ያንን በዓል በስደት ወይም በፍርሃት አሳለፉት። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ውል ተፈረመ፤ ከዚያም በኋላ በክልሉ ሰላሙ ሙሉ ሆኖ አልሰነበተም።

በዚህ ሁሉ መካከል የጥሎ ማለፉ ዋንጫ ተረሳ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የኳሱ ዓመት ተሰረዘ፤ ሊጉ ግን በሚቀጥለው ዓመት ተነሣ፥ ዋንጫው ሳይነሣ ዓመታት አለፉ። በእነዚያ ዓመታት ወደ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ይላክ የነበረው በሊጉ ሁለተኛ የወጣው ክለብ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ የሆነው ባሕር ዳር ከነማም በዚህ መንገድ ሄዶ ያንኑ የታንዛኒያ አዛም በመለያ ምት ጥሎ፥ በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ወደቀ። በባሕር ዳር ልጆች ደስ ብሎናል። ሆኖም መብቱ ከጥሎ ማለፍ ወደ ሊግ በተዛወረ ጊዜ፥ ድቻ በ2009 ዓ.ም. የገባበት በር ተዘጋ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. ዋንጫው እንደ ገና መጀመሩን በምስጋና እንቀበላለን፤ መዘግየቱን ግን እንደ ቀላል ነገር ልናልፈው አንወድም።

እንዲህ ማለታችን ከሌላ አገር ታሪክ የተማርነው ስላለ ነው። የፈረንሳይ ዋንጫ የተጀመረው በ1910 ዓ.ም. ገና የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሳያልቅ ነው፤ ስሙንም ያገኘው በዚያው ጦርነት በወደቀው በሻርል ሲሞን፥ በአንድ የኳስ ሹም ነበረ። ፈረንሳዮች ሰላሙን እስኪያገኙ ዋንጫውን አላቆዩትም። በዚያ ዋንጫ እስከ ትንንሽ ከተሞች ድረስ ያሉ ክለቦች ሁሉ ስለሚገቡ፥ በ1992 ዓ.ም. ካሌ የተባለች የወደብ ከተማ በአራተኛው ደረጃ የሚጫወት፥ ተጫዋቾቹ ደመወዝ የሌላቸው ክለብ ይዛ እስከ ፍጻሜው ደረሰች፤ በናንት ክለብም 2 ለ 1 ተሸነፈች። የናንትን ዋንጫ ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ካሌን ግን ሁሉ ያስታውሳል።

ዋግ ኽምራ እስካሁን በላይኛው ሊግ ክለብ የለውም። የሰቆጣ፥ የድሃና፥ የጋዝጊብላና የዝቋላ ልጆች ግን ኳስ አይጫወቱም ማለት አይደለም። የደጋውን ዳገት ዘወትር የሚወጣና የሚወርድ እረኛ ሳንባው የተፈተነ ነው። የጐደለው የተስተካከለ ሜዳ፥ ቆዳው ያልተቀደደ ኳስ፥ ሕጉን የተማረ ዳኛና ወደ ላይ የሚያደርስ መንገድ ነው። ሊግ ለዚህ አገር ይከብደዋል፤ ከሰቆጣ ተነሥቶ በየሳምንቱ በሩቅ ከተሞች መጫወት ብዙ ወጪ ይጠይቃል፥ ወጪውም በድርቅና በመፈናቀል ለተጎዳ አስተዳደር አይገባም። ጥሎ ማለፍ ግን የተሸነፈውን በአንድ ቀን ወደ ቤቱ ስለሚመልሰው ወጪው ለአሸናፊው ብቻ ነው። ወረዳ ከወረዳ ተገናኝቶ አንዱ ቢወጣ፥ ያም ከሰሜን ወሎና ከጎንደር ከሚወጣው ጋር ቢገጥም፥ የኢትዮጵያ ዋንጫ ከታች ጀምሮ የሚወጣበት መሰላል ይኖረው ነበረ።

ይህን ለማድረግ የሚመለከታቸው ሹማምንት ጥያቄው የገንዘብ ነው እንዲሉ እናውቃለን። የሻደይ በዓል በየዓመቱ በነሐሴ ወር ሕዝቡን ሁሉ በሰቆጣ ይሰበስባል፤ የወረዳ ቡድኖች ሁሉ በዚያው ሰሞን ቢጠሩ ተመልካቹ ያለ ጥሪ ይገኛል። በ2017 ዓ.ም. የመቀሌ፥ የአዲግራትና የሽረ ክለቦች ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ተመልሰዋል። ፋሲል ከነማም በዚያው ሊግ አለ። በ2011 ዓ.ም. ሁለቱን ዋንጫ የተካፈሉት ሁለቱ ክለቦች ለወዳጅነት ጨዋታ በመካከላቸው ወዳለችው ሰቆጣ ቢጋበዙ፥ እምቢ የሚሉበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ቢያንስ ጠይቆ ማወቅ ይቻላል፤ ደብዳቤው ለመጻፍ አንድ ገጽ ብቻ ይበቃዋል።