ሁለቱ የታች መስመሮች

የፓስፖርት ፎቶ ማንንም አያሳምርም፤ ደግነቱ ኬላ ላይ በቅድሚያ የሚታየው እሱ አይደለም። የኢሚግሬሽን ሠራተኛው ፓስፖርቱን ገልጦ ማንበቢያው መስታወት ላይ ሲደፋው፣ ማሽኑ በቀጥታ የሚሄደው ገጹ ግርጌ ላይ ወዳሉት ሁለት መስመሮች ነው። በላቲን ፊደላት፣ በቁጥሮችና ቀስት በሚመስሉ ምልክቶች የተሞሉ ናቸው። መንገደኛው አያነባቸውም፤ ድሮም ለእሱ አልተጻፉም። ማሽኑ ግን ስለ መንገደኛው መጀመሪያ የሚያውቀው እነሱ የሚሉትን ነው።

እያንዳንዱ መስመር 44 ቦታ አለው። ፊደል ወይም ቁጥር ያልያዘው ቦታ ሁሉ በቀስቷ ይሞላል፤ ባዶ የሚተው የለም። ደንቡን ያወጣው መቀመጫውን ካናዳ፣ ሞንትሪያል ያደረገው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ነው። ሰነዱ ቁጥር 9303 ይባላል፤ መጀመሪያ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በዚሁ ድርጅት ውሳኔ፣ በማሽን የማይነበቡ ፓስፖርቶች እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 24 ቀን 2015 በኋላ ከአገልግሎት እንዲወጡ ተደረገ።

የላይኛው መስመር የአገሩን መለያና ስምን ይይዛል። መለያው ሦስት ፊደል ነው፤ ጀርመን ብቻ በአንድ ፊደል ትታወቃለች። የታችኛው መስመር የፓስፖርቱን ቁጥር፣ ዜግነትን፣ የልደት ቀንን፣ ጾታንና ፓስፖርቱ የሚያበቃበትን ቀን ይደረድራል። ከፓስፖርቱ ቁጥርና ከሁለቱ ቀኖች ኋላ አንዳንድ አሃዝ ተለጥፋ ትገኛለች። ይህች መቆጣጠሪያ ቁጥር ናት።

ስሌቷን ማየት ለሚወድ፦ መስከረም 5 ቀን 1983 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1990 ተወለደ ማለት ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ከዓመቱ ጀምሮ 900915 ተብሎ ይጻፋል። አሃዞቹ በቅደም ተከተል በ7፣ በ3፣ በ1፣ እንደገና በ7፣ በ3፣ በ1 ይባዛሉ። 63፣ 0፣ 0፣ 63፣ 3 እና 5፤ ድምሩ 134። ለ10 ሲካፈል ቀሪው 4 ነው፤ ያቺው 4 ከቀኑ ቀጥላ ትታተማለች። ማሽኑ መጨረሻ ያሉትን 1 እና 5 አቀያይሮ ቢያነብ ቀሪው 2 ይወጣበትና መሳሳቱን ያውቃል።

ብልሃቷ ግን ወሰን አለው፤ የንባብን ስሕተት እንጂ የእውነትን ጉድለት አትለይም። ያው ሰው ልደቱን ሳይመነዝር በኢትዮጵያ አቆጣጠር 830105 ብሎ ቢያስሞላ፣ ስሌቱ 7ን ይሰጥና ሁሉም ነገር ያለ እንከን ያልፋል። ሰውዬው ግን በአንድ ጀምበር ከሰባት ዓመት በላይ አረጀ። ጉዱ የሚወጣው ከዓመታት በኋላ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱና የትምህርት ማስረጃው ከፓስፖርቱ ጎን ኤምባሲ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉ ነው። በጳጉሜን የተወለደማ ምርጫም የለው፤ ማሽኑ 13ኛ ወር የሚባል አያውቅም። ጳጉሜን 3 ቀን 1982፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1990 ሆኖ ካልገባ ማረፊያ ቦታ የለውም።

ስም ሌላው አሳር ነው። የመስመሩ አሠራር የቤተሰብ ስም ላለው ሰው የተመቸ ነው፤ እኛ ደግሞ የምንጠራው በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም ነው። ባለቤቱ «የአያቴ ስም ነው» ቢልም ባይልም፣ ከሁለቱ ተከታታይ ቀስቶች በፊት የተጻፈው ማሽኑ ዘንድ የቤተሰብ ስም ነው። ስለዚህ የአውሮፕላን ትኬት ሲቆረጥ የቤተሰብ ስም በሚለው ሣጥን መግባት ያለበት ይኸው ነው፤ ሰው በተለምዶ የሚጠራበት የአባት ስም የግድ እሱ ላይሆን ይችላል። በላቲን ፊደል አጻጻፉም እንዲሁ ነው። ፀሐይን በሦስትና በአራት ዓይነት ሆሄያት መጻፍ ይቻላል፤ ሁሉም ሲነበቡ ያው ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ሰዎች። ከአንድ አባት የተወለዱ ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን ስም በተለያየ ሆሄ ካስጻፉ፣ ቤተሰብ ለማገናኘት ማመልከቻ ሲገባ ዝምድናቸውን እንደ አዲስ አስረዱ ሊባሉ ይችላሉ። መድኃኒቱ ፓስፖርት ሲወጣ ቀድሞ የወጣውን የቤተሰቡን ፓስፖርት ይዞ ሄዶ አጻጻፉን ማመሳሰል ነው።

አሁን አሁን ደግሞ ቺፕ መጥቷል። ማሌዥያ እ.ኤ.አ. በ1998 ቀደመች፤ ኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም. የራሷን ይፋ አደረገች። ቺፑ ውስጥ ፎቶና የሰጪው መንግሥት ዲጂታል ፊርማ አለ። የሚገርመኝ ግን ይህ ሁሉ ቴክኖሎጂ እነዚያን አሮጌ መስመሮች አለመተካቱ ነው። በተለመደው አሠራር ቺፑን የሚከፍተው ቁልፍ የሚዘጋጀው ከታችኛው መስመር፣ ከፓስፖርቱ ቁጥር፣ ከልደት ቀንና ከማብቂያው ቀን ነው። ሰልፍ ላይ አጠገብዎ የቆመ ሰው ፓስፖርትዎ ሳይገለጥ ከኪስዎ ውስጥ እንዳያነበው ታስቦ ነው።

ፓስፖርት ራሱ ስለ ሰውየው ይናገራል፤ ስለ ጉዞው የሚናገረው ቪዛ ነው። ቪዛ ግን የመግባት መብት አይደለም፤ ደጁ ድረስ ያደርሳል፣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ኬላው ላይ ያለው መኮንን ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ የጎብኚ ቪዛ ጠያቂን ሁሉ፣ ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ፣ ሊቀር ነው ብሎ ይገምተዋል። ወደ አገሩ የሚመልሰውን ሥራ፣ ቤተሰብና ንብረት የማስረዳት ሸክም የአመልካቹ ነው። ቆንስሉ ፊት ብዙ ሰው ስለሚሄድበት አገር ውበት ያወራል፤ የሚጠየቀው ግን ስለሚመለስበት ነው።

ብዙ መንገደኛ የማያስተውለው፣ የመጀመሪያው ድንበር ቦሌ ያለው የአየር መንገድ ካውንተር መሆኑን ነው። ሰነዱ ያልተሟላ ሰው ይዞ የሄደ አየር መንገድ ሰውየውን መልሶ ማምጣት አለበት፤ በብዙ አገሮች ይቀጣልም። ስለዚህ የካውንተሩ ሠራተኛ የየአገሩ መስፈርት በተከማቸበት፣ ቲማቲክ በተባለ መዝገብ ያጣራል። መዝገቡ «አይሆንም» ካለ ልመና አይሠራም። እዚያ ላይ ሰው የሚያስቀሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የፓስፖርት ዕድሜ ነው፦ ብዙ አገሮች ቢያንስ 6 ወር የቀረው ይፈልጋሉ፤ የሼንገን አገሮች ደግሞ ከሚወጡበት ቀን በኋላ 3 ወር የሚቆይና ከወጣ 10 ዓመት ያልሞላው ይላሉ።

ሁለተኛው ትራንዚት ነው። ኢትዮጵያውያን በሼንገን አገር ኤርፖርት በኩል ሲያልፉ፣ ከኤርፖርቱ ባይወጡም የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁ ጥቂት አገሮች ዜጎች መካከል ናቸው። የጸና የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ የያዘ ከዚህ ነጻ ነው። በርካሽ ዋጋ የተገኘ ትኬት በአውሮፓ በኩል ሲዞር፣ ከመክፈል በፊት ይህን ማየት ይገባል።

ወደ ራሷ ሼንገን የሚሄድ ደግሞ ቀን ይቁጠር። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024፣ ኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቿን በመቀበል ረገድ አልተባበረችም በሚል፣ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ምላሽ የሚወስደውን መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዘመው፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጣቸው ወሰነ። ቅጣቱ የመንግሥታት ጠብ ነው፤ የሚከፍለው ግን ለስብሰባ የተጋበዘው መምህርና ልጇን ልትጠይቅ የተነሳችው እናት ናቸው። የቪዛው ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስም ያስፈልጋል። ማመልከቻ የሚቀበሉት ከጉዞው 6 ወር ሲቀረው ጀምሮ ነውና፣ ያው ጊዜ ሲከፈት ቀጠሮ ይያዙ።