ሂሳቡ ከአማራጩ ሲቀድም

የፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ ኖቬምበር 17 ቀን 2018፣ ስምምነቱን ባስተናገደችው በዚያችው አገር ከ280 ሺህ በላይ ሰዎች ቢጫ ሰደርያ ለብሰው አደባባዮችንና የፍጥነት መንገድ መግቢያዎችን ዘጉ። ያስቆጣቸው ለአየር ንብረት ሲባል የተጨመረ የነዳጅ ግብር ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ፈረንሳዮች አንድ ፍርድ በተደጋጋሚ ይሰማል፦ አረንጓዴ ወሬ ይወዳሉ፣ አረንጓዴ ወጪ ግን አይወዱም። ፍርዱ ለጆሮ ይጥማል እንጂ ማስረጃ አያግዘውም። ይኸው ሕዝብ ሌሎች ብዙ ለውጦችን ያለ ጫጫታ ተቀብሏል። በ2016 የወጣ ሕግ ከ400 ካሬ ሜትር የሚሰፉ ሱፐርማርኬቶች ሊበላ የሚችል ምግብ እንዳያበላሹና ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጋር እንዲዋዋሉ አስገደደ። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ በትምህርት ቤት ምሳ ቤቶች በሳምንት አንዱ ምግብ ሥጋም ዓሣም የለበትም። በ2021 ደግሞ ስልክ ወይም ልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚገዛ ሰው ዕቃው ለጥገና ምን ያህል እንደሚመች ከ10 የተሰጠ ነጥብ ከዋጋው ጎን ተለጥፎ ያነብ ጀመር። ለእነዚህ ሲባል መንገድ የዘጋ የለም። ልዩነቱ ለተፈጥሮ ካለ ፍቅር የመጣ አይመስለኝም፤ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። አማራጩ ቀድሞ ቤት ከገባ ሰው ሳይገፋ ይለወጣል። ሂሳቡ ከቀደመ ግን፣ ዓላማው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጠብ ይሆናል።

ለዚህ ጥሩው ምስክር በየቤቱ ጓዳ የቆመው የውሃ ቦይለር ነው። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ሜስሜር በ1974 ሰፊ የኑክሌር ማመንጫዎች ግንባታ አወጁ። ማመንጫዎቹ ሲበዙ ሌሊት ፈላጊ ያጣ ኤሌክትሪክ ተረፈ፤ ቀድሞ የተጀመረው የቅናሽ ሰዓት ታሪፍም ይበልጥ ተስፋፋ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በቀን ውስጥ ስምንት ሰዓት ዋጋው ይቀንሳል፤ ቅናሹ ሲገባ ቆጣሪው ቦይለሩን ያስነሳዋል፣ ሲያበቃ ያጠፋዋል። የቤቱ ባለቤት ከአልጋው አይነሳም፤ ጠዋት ሙቅ ውሃ ያገኛል፣ በወሩ መጨረሻም ያነሰ ይከፍላል። ስለ ከባቢ አየር የሰበከው ሰው አልነበረም። አሁን ያው ልማድ አቅጣጫ እየቀየረ ነው። የፀሐይ ኃይል በመብዛቱ ርካሹ ኤሌክትሪክ ከሌሊት ወደ እኩለ ቀን እየዞረ ነው፤ በ2024 በጅምላ ገበያው ላይ የኤሌክትሪክ ዋጋ ከዜሮ በታች የወረደባቸው ሰዓታት ከ300 በልጠዋል። ሶላሩም ገና እየጨመረ ይሄዳል፤ በማርች 2023 የወጣው ሕግ ከ1,500 ካሬ ሜትር የሚበልጡ የመኪና ማቆሚያዎች ቢያንስ ግማሹን ኃይል በሚያመነጭ ጣሪያ እንዲሸፍኑ አዘዘ። ስለዚህ ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ እስከ 2027 መጨረሻ ድረስ የሚሊዮኖች ቤቶች የቅናሽ ሰዓት በከፊል ከቀኑ 5 እስከ 11 ሰዓት ወዳለው ጊዜ እየተዛወረ ነው፤ ቢያንስ አምስቱ ሰዓት ግን ሌሊት ይቀራል። አብዛኛው ሰው ለውጡን የሚያውቀው ከኤሌክትሪክ ሻጩ በሚደርሰው ደብዳቤ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሊነሳ የሚገባው ተቃውሞ አለ። ሰው ሳያውቀው የሚለወጥ ኑሮ ዴሞክራሲያዊ ነው ወይ? ከ2015 እስከ 2021 ድረስ ሊንኪ የተባለው አረንጓዴ ዲጂታል ቆጣሪ በ35 ሚሊዮን ገደማ ቤቶች ሲገባ ጥርጣሬው ብዙ ነበር። መንግሥት ስንት ሰዓት እንደምንነሳ ሊቆጥር ነው፣ ጨረሩ ይጎዳናል ያሉ ነዋሪዎች ተሰባሰቡ፤ እምቢ ያሉ የወረዳ ምክር ቤቶችም ነበሩ። የጤናው ስጋት በመረጃ አልተደገፈም፤ የግል መረጃው ጥያቄ ግን ቀልድ አልነበረም። የመረጃ ጥበቃው ባለሥልጣን ዝርዝር የፍጆታ መረጃ ያለ ደንበኛው ፈቃድ እንዳይሰበሰብ መስመር ማስመሩ ተገቢ ነበር። ከዚህ የምወስደው አማራጭን ቀድሞ ማቅረብ ማለት ሰውን አለማማከር እንዳልሆነ ነው። ሆኖም ቆጣሪው ማንንም ለድህነት አልዳረገም፤ ስለዚህ ቁጣው ከሠፈር ስብሰባ ብዙም አልወጣም።

የነዳጁ ነገር በተቃራኒው ነው። ለአሥርተ ዓመታት መንግሥት ራሱ ናፍጣን ከቤንዚን ያነሰ ግብር እያስከፈለ ሰዉን ወደ ናፍጣ መኪና ሲገፋ ኖሯል፤ በ2012 ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከ100 ወደ 73ቱ ናፍጣ ጠጪዎች ነበሩ። በ2014 በቶን 7 ዩሮ ሆኖ የተጀመረው የካርቦን ግብር በ2018 44.60 ዩሮ ደረሰ፤ በቀጣዩ ዓመት 55 ሊሆን ታቅዶም ነበር። የናፍጣ ግብርም የቤንዚኑን እንዲያክል ለብቻው እየተጨመረበት ነበር። ከገቢው የሚበዛው ወደ መንግሥት ካዝና እንጂ አውቶቡስ ወዳጣው ገጠር አልሄደም። በ2018 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የሀብታሞች ሀብት ግብር ተሽሮ በቤትና በመሬት ላይ ብቻ ተወስኗል። ከአሥር ፈረንሳዊ ሠራተኞች ሰባት ያህሉ ሥራ የሚሄዱት በመኪና ነው። የባቡር ጣቢያው የተዘጋበት፣ ሐኪሙ የራቀበት ሰው ናፍጣ ሲወደድበት ወዴት ይሂድ? ሰልፈኞቹ መንግሥት የሚያስበው ስለ ዓለም መጨረሻ ነው፣ እኛ የሚያሳስበን የወር መጨረሻ ነው ይሉ ነበር። አባባሉን እንደ ስንፍና የወሰዱት ሰዎች ሒሳቡን አላዩትም። ጭማሪው በዲሴምበር ቆመ፤ የካርቦን ግብሩ ከዚያ ወዲህ ከ44.60 ዩሮ ፈቀቅ አላለም።

ሰዎቹ የተቆጡት መኪናቸውን ስለሚያመልኩ ነው የሚለውን ሐሳብ በጃንዋሪ 2024 የሆነው ነገር ያፈርሰዋል። መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ኖሯቸው ለሥራ ብዙ ለሚነዱ ሰዎች አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና በወር በ100 ዩሮ ገደማ እንዲከራዩ የሚያስችል ፕሮግራም ከፈተ፤ ለአንድ መኪና እስከ 13 ሺህ ዩሮ ይደጉም ነበር። 25 ሺህ መኪና ይበቃል ተብሎ ነበር። በስድስት ሳምንት ገደማ 50 ሺህ ተወስዶ ምዝገባው ለዓመቱ ተዘጋ። ተመዝጋቢው ከአደባባዩ ሰልፈኛ ጋር በኑሮ የተቀራረበ፣ ብዙ የሚነዳና ጥቂት የሚያገኝ ሰው ነው። ድጎማው ለግምጃ ቤቱ ከባድ ነው፣ ለሁሉም ሊዳረስ አይችልም የሚሉት ኢኮኖሚስቶች አልተሳሳቱም። ግን የናፍጣው ዘመን ድጎማም ወጪ ነበረው፤ በግብር ቅናሽ ስም ስለተሸፈነ ብቻ አልታየም።

ስለ ፈረንሳይ ከተሞች ሲጻፍ ሁሉም ወደ ፓሪስ ይሮጣል፤ እኔም ላልፋት አልችልም። በ2024 በታተመ ጥናት መሠረት በከተማዋ ክልል ውስጥ ከሚደረጉ ጉዞዎች 11 በመቶው በብስክሌት ሲሆን የመኪና ድርሻ ከ4 በመቶ ጥቂት ቢበልጥ ነው። በ2005 እና በ2024 መካከል የአየሩ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በግማሽ ቀንሷል። በ2025 ደግሞ ከ1923 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝቡ በሴን ወንዝ እንዲዋኝ ተፈቀደ። እነዚህ ውጤቶች እውነት ናቸው፤ ግን ፓሪስ በየጥቂት መቶ ሜትሩ የምድር ባቡር ያላት ከተማ ናት፣ ከተማዋን ከሚከብበው የቀለበት መንገድ ውጪ ያለው ሰው ሌላ ነው የሚለው ተቃውሞም እውነት ነው። በማርች 2025 ተጨማሪ 500 መንገዶች ለእግረኛ ይሁኑ ወይ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ሲጠራ «ይሁኑ» ያሉት አሸነፉ፤ ድምፅ የሰጠው ግን ከመራጩ 4 በመቶ ያህሉ ነው፣ በየቀኑ ወደ ከተማዋ እየነዳ የሚገባው የዳር ነዋሪም ድምፅ የለውም። ስለዚህ የተሻለውን ማስረጃ የማገኘው በሰሜን ጠረፍ ባለችው የወደብ ከተማ በደንኬርክ ነው። ፋብሪካ የሞላባት፣ ለመኪና ተብላ የተሠራች፣ ሀብታም ያልሆነች ናት። በሴፕቴምበር 2018፣ ማለት ቢጫ ሰደርያው ከመታየቱ ከሁለት ወር በፊት፣ ለ200 ሺህ ገደማ ነዋሪ አውቶቡሱን ነፃ አደረገች። ቲኬቱን ብቻ አልሰረዘችም፤ መስመሮቹን እንደገና ቀይሳ ዋና ዋናዎቹ አውቶቡሶች በየ10 ደቂቃው እንዲያልፉ አደረገች። ከቲኬት ይገኝ የነበረው ገቢ ቀድሞም ከወጪው ትንሽ ክፍል ብቻ ስለነበር ዋናው ሸክም አሠሪዎች በሚከፍሉት የትራንስፖርት መዋጮ ላይ ቀጠለ። ተሳፋሪው በእጅጉ ጨመረ፣ በተለይም ቅዳሜና እሁድ።

ይህ ሁሉ የሚሳካው ኑክሌር ስላላቸው ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። በ2024 ከፈረንሳይ ኤሌክትሪክ 95 በመቶው ካርቦን እምብዛም የማይለቅ ነበር፤ ሁለት ሦስተኛው ከኑክሌር፣ ቀሪው በአብዛኛው ከውሃ፣ ከነፋስና ከፀሐይ። ይሁን እንጂ ኤሌክትሪክ አገሪቱ ከምትጠቀመው ኃይል ሩብ ገደማ ነው። መኪናውና የጋዝ ማሞቂያው አሁንም ነዳጅ ያቃጥላሉ፤ እነሱ ደግሞ የኑሮ ጉዳይ እንጂ የማመንጫ ጉዳይ አይደሉም። ኑክሌሩም ቢሆን የማይነቃነቅ ምሰሶ አይደለም። በ2022 በቧንቧዎች ላይ በታየ ዝገትና በጥገና ምክንያት ከ56ቱ ማመንጫዎች ግማሽ ያህሉ በአንድ ጊዜ ቆመው አገሪቱ ከአርባ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለውጭ ከሸጠችው የበለጠ ኤሌክትሪክ ገዛች። ያን ክረምት ማሞቂያችሁን ከ19 ዲግሪ አታስበልጡ የሚል ጥሪ ቀረበ፤ የገንዘብ ሚኒስትሩ በከረባት ፋንታ አንገቱ የተሸፈነ ሹራብ ለብሰው ብቅ አሉና የቀልደኞች ሲሳይ ሆኑ። ፍጆታው ግን 9 በመቶ ያህል ወረደ፣ ያውም መንግሥት የቤቶችን ታሪፍ ገድቦ ይዞ ሳለ። ይህ ለእኔ ክርክር የማይመች ሐቅ ነው፤ ሰው አማራጭ ሳይቀርብለትም በጥሪ ብቻ ሊቆጥብ እንደሚችል ያሳያል። ነገር ግን የፋብሪካዎች ቁጠባ የዋጋ ግፊት ነበረበት፤ የቤቶቹም ቢሆን የመብራት መጥፋት ስጋት ባንዣበበበት ወቅት የተደረገ ነው። የችግር ጊዜ ቁጠባ በየዓመቱ አይታዘዝም።

እውነተኛው ፈተና ያለው ቤት ውስጥ ነው። እያንዳንዱ የሚከራይ ወይም የሚሸጥ ቤት በኃይል አጠቃቀሙ ከኤ እስከ ጂ ደረጃ ይወጣለታል፤ ኤፍ እና ጂ የሆኑት የሙቀት ወንፊት ይባላሉ። የ2021 የአየር ንብረት ሕግ የጂ ቤቶች ከጃንዋሪ 2025፣ የኤፍ ከ2028፣ የኢ ከ2034 ጀምሮ እንዳይከራዩ ደነገገ። ክልከላው ፍትሐዊ ነው፤ ብርዱን የሚቀምሰውም የማሞቂያውን ሂሳብ የሚከፍለውም ተከራዩ ነውና። አማራጩ ግን ይንገዳገዳል። በ2020 የተጀመረው የቤት እድሳት ድጎማ ደንቡ በየጊዜው ሲቀያየር ቆይቶ፣ ማጭበርበርና የማመልከቻ ክምችት በዝቶበት በ2025 ከጁን መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ለአዲስ ትልልቅ ሥራዎች በሩን ዘጋ። አከራዩ ክልከላው ደርሶበት፣ ገንዘቡ ደግሞ ቆሞበት፣ ቤቱን ከኪራይ ገበያ ቢያወጣው የሚገርም አይደለም፤ ጉዳቱ ተመልሶ ተከራዩ ላይ ያርፋል። በጃንዋሪ 2026 ደግሞ ኤሌክትሪክ በደረጃው ስሌት ውስጥ የሚባዛበት ቁጥር ከ2.3 ወደ 1.9 ወረደ፤ በመንግሥት ግምት 850 ሺህ ቤቶች በዚህ ብቻ ከወንፊትነት ይወጣሉ። ኤሌክትሪኩ ንጹሕ ስለሆነ ስሌቱ በራሱ ስህተት አይመስለኝም። ግድግዳው ግን እንደነበረ ነው፣ በመስኮቱ ስንጥቅ የሚገባው ነፋስም እንደዚያው። በአፓርታማ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ አንድ ባለቤት ብቻውን የሕንፃውን የውጭ ግድግዳ ሙቀት እንዲይዝ ማልበስ አይችልም፣ የጋራ ባለቤቶች ጉባኤ ድምፅ ሊሰጥበት ይገባል። ይህ ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበሰበው በዓመት አንዴ ነው፤ ከ2028 በፊት የቀሩት ስብሰባዎችም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።