ምክንያቱን የሚመረምር ልብና ሥራውን የሚያቀና እጅ
ፊዚክስንና ምሕንድስናን ከሁለት ዩኒቨርሲቲ አጣምሮ ስለ መማር፥ ለወላጆች የቀረበ

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በሐብሩ ወረዳ የምትገኘው ሲሪንቃ በማሽላዋና በእርሻ ምርምር ማዕከሏ የታወቀች ናት። የማሽላ ገበሬ እጅግ የሚጠላት አንዲት አረም አለች፤ ስሟም አቀንጭራ ይባላል። አበባዋ ለዓይን ያማረ ነው፤ ሥሯ ግን በምድር ውስጥ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡን ይመጠዋልና፥ ገበሬው ከላይ ቢነቅላትም ጉዳቱ ከታች አስቀድሞ ተፈጽሞ ይገኛል። ሊቃውንት መርምረው እንደ ደረሱበት፥ የአቀንጭራ ዘር ከ10 ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ በአፈር ውስጥ ተኝቶ ሊቈይ ይችላል፤ የሚበቅለውም የማሽላው ሥር የሚያመነጨውን ቅመም ሲያገኝ ነው። ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ከባልደረቦቻቸው ጋራ ይህን ምሥጢር ተከትለው አረሙን የሚቋቋሙ የማሽላ ዘሮችን አስገኙ፤ ስለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው።

ከዚህ ነገር አንድ ትምህርት እናገኛለን። አንዱ ዕውቀት «ይህ ስለ ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው «እንግዲያስ ምን እንሥራ?» ይላል። ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ ማሽላው ዳነ። ፊዚክስና ምሕንድስናም እንደዚሁ ናቸውና፥ አንድ ተማሪ ሁለቱን አጣምሮ የሚማርበትን መንገድ ዛሬ ለወላጆች ልናስረዳ ፈቀድን።

በብዙ ቤት የሚሰማ ክርክር አለ። ልጅቱ፥ «አባዬ፥ እኔ ፊዚክስ መማር ነው የምወድ» ትላለች። አባቷም፥ «ልጄ፥ ፊዚክስ ምን እንጀራ ይሆንሻል? መሐንዲስ ብትሆኚ ይሻላል» ይላታል። እናቷ ደግሞ፥ «የልጅን ልብ ሰብሮ ማስተማር ዘርን ቀቅሎ እንደ መዝራት ነው» ብላ በመካከል ትገባለች። በውነቱ ሦስቱም የተናገሩት ከንቱ አይደለም።

ፊዚክስ የብርሃንን፣ የሙቀትን፣ የኤሌክትሪክንና የእንቅስቃሴን ጠባይ የሚመረምር ትምህርት ነው። ምሕንድስና ግን ያን ዕውቀት ለሰው ጥቅም ወደ ሥራ የሚያወጣ ጥበብ ነው። ብረት በሙቀት ጊዜ ስለ ምን እንደሚረዝም የሚያስረዳን ፊዚክስ ነው፤ በድልድዩ ጫፍ ስንት ጣት ክፍተት ቢተው ብረቱ ሳይጐብጥ እንደሚኖር ለክቶ የሚወስነው መሐንዲሱ ነው። ምክንያቱን ያላወቀ መሐንዲስ አዲስ ነገር ሲገጥመው ይቸገራል፤ ሥራውን ያላወቀ መርማሪም ዕውቀቱ በወረቀት ላይ ይቀርበታል።

በአሜሪካ አገር ለዚህ ነገር የታሰበ ሥርዓት አለ። ተማሪው በመጀመሪያው ኮሌጅ ሦስት ዓመት ያህል ፊዚክስና ሒሳብ ይማራል፤ ከዚያም ወደ ሁለተኛው ተዛውሮ ሁለት ዓመት ያህል ምሕንድስና ይማርና፥ ከሁለቱ ቤቶች ሁለት የመጀመሪያ ዲግሪ ይቀበላል። በአትላንታ ከተማ እነ ሞርሃውስ ኮሌጅ ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶችን በዚህ መንገድ ለማስተማር ከጆርጂያ ቴክ ጋራ የተዋዋሉት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ነገር ግን ወደ ሁለተኛው ቤት የሚገባው በመጀመሪያው በቂ ውጤት ያገኘ ብቻ ነው። መካከል ላይ የተወም ሁለቱንም ማዕርግ ሊያጣ ይችላል።

ከእኛም ወገን በሌላ ዓይነት ትምህርት ይህን የመሰለ ድካም የደከሙ አሉ። የግዕዝ ሊቅ የነበሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በካይሮ ከተማ ሳሉ ከቅብጦች የነገረ መለኮት ኮሌጅና ከአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ፥ ከሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1957 ተመረቁ። በ1968 ዓ.ም. በጥይት ቈስለው ከአገር ከወጡ በኋላም፥ እስካረፉበት እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ በሚኒሶታ የብራና መጻሕፍታችንን ሲመረምሩ ኖረዋል።

ልጃቸው ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ደግሞ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ምሕንድስና የሚገናኙበትን የቁሳቁስ ሳይንስ መረጡ። የመጀመሪያ ዲግሪና የዶክተርነት ማዕርግ ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፥ የማስተርስ ዲግሪ ደግሞ በበርክሌ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተቀበሉ። የደከሙበትም ነገር ነዳጅን ሳያነድ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ፥ ፊውል ሴል የሚባል መሣሪያ ነው። በዚህ መሣሪያ ውስጥ ውኃ ያዘለ ስስ መለያ ቢገባ፥ ሙቀቱ ከፍ ሲል ውኃው ይተናል። እርሳቸው ግን አንዳንድ ጠጣር አሲዶች ሲሞቁ የውስጣቸው አሠራር ላላ ብሎ የሃይድሮጅንን ፕሮቶን እንደሚያሳልፉ ያውቁ ነበርና፥ ከባልደረቦቻቸው ጋራ እ.ኤ.አ. በ2001 ከእነዚሁ መሣሪያውን ሠርተው አሳዩ። ያ የመጀመሪያው አሲድ በሃይድሮጅን የሚበላሽ ሆኖ ቢገኝ፥ ምክንያቱን መርምረው በ2004 በሌላ ዓይነት ተኩት። እነሆ፥ ልብና እጅ በአንድ ሰው ሲገናኙ ፍሬው ይህን ይመስላል።

አሁን ወደ ሲሪንቃ ቤት እንመለስ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ስለ ጀመረ ከፍተኛ ትምህርት ለዚያ አገር ሰው ሩቅ መሆኑ ቀርቷል። ሆኖም በአገራችን የተለመደው ተማሪ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አንድ ማዕርግ መቀበል ነው፤ የምሕንድስናው ብቻ አምስት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ሁለቱን የሚሻ ልጅ አንዱን አስቀድሞ ሌላውን ማስከተል፥ ወይም በውጭ አገር የነጻ ትምህርት ዕድል መፈለግ ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ዓመት ከባዶ አይመጣም። አንዱ ልጅ በትምህርት በቈየ ቊጥር፥ ሞፈሩን ብቻውን የሚይዝ ወንድም አለ፤ ደብተር የምትገዛበት ገንዘብ ለእርሱ መንገድ የሆነባት ታናሽ እኅትም አለች። ስለዚህ ወላጆች ከመፍቀዳቸው በፊት ቤተ ሰቡን ሁሉ ሰብስበው ሦስት ነገር ይጠይቁ። መጀመሪያ፥ ልጁ የሚሻው ዕውቀቱን ነው ወይስ የሁለት ማዕርግ ስም? ሁለተኛ፥ በሒሳብ ትምህርት የጸና ነውን? ሦስተኛ፥ ለተጨማሪው ዓመት ወጪውን የሚችለው ማን ነው፥ የታናናሾቹስ ተራ መቼ ይደርሳል? ለሦስቱ ጥያቄዎች ቀና መልስ ከተገኘ ልጁን አይከልክሉት። ካልተገኘ ግን አንዱን ማዕርግ በሚገባ መጨረስ ሁለቱን ጀምሮ ከመተው ይሻላል።

ስለ አቀንጭራ ያነሣናቸው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ በልጅነታቸው ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለ ነበረ፥ እሑድ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ሄደው በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። እንዲማሩላቸው አጥብቀው ይሹ የነበሩት እናታቸው ናቸው። የሽልማቱ ወረቀት የሚጻፈው በልጁ ስም ነው፤ መንገዱን ያስጀመረችው እናት ግን ከወረቀቱ በፊት ነበረች። ልጃችሁ በማታ መብራት ሥር «ይህ ስለ ምን ይሆናል?» ብሎ ሲጠይቃችሁ፥ መልሱን ባታውቁት እንኳ ጥያቄውን አታጥፉበት።