ፋብሪካ ሲነደፍ አለቃው ማሽኑ ነው

ሰሞኑን በውስጥ መስመር «የፋብሪካ ሕንፃ ዲዛይን ምን ያስቸግራል? ግድግዳና ቆርቆሮ አይደለም እንዴ?» ያላችሁኝ አላችሁ። ለልብስ ስፌት ከሆነ እውነት አላችሁ። በሐምሌ 2008 እንደተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዓይነት ሼድ ተከራዩ ሳይታወቅ አስቀድሞ ሊሠራ ይችላል። የስፌት ማሽን ቀላል ነው፤ ማንም ቢገባ ወለሉ ይሸከመዋል።

ዱቄት ፋብሪካ ወይም ዘይት መጭመቂያ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። የኮለኑን ርቀት፣ የጣሪያውን ከፍታ፣ የበሩን ስፋት የሚወስነው ማሽኑ ነው። የሚንቀጠቀጥ ከባድ ማሽን የራሱን መሠረት ይፈልጋል፤ ከወለሉ ጋር ከተያያዘ ንዝረቱ ወደ ሕንፃው ይጋባል። ባለሀብቱ ደግሞ መሠረት ከተቆፈረ በኋላ «ሌላ ማሽን በርካሽ አገኘሁ» ብሎ ይመጣል። ደስ ብሎት ነው የሚመጣው!

እኔን ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ወለሉ ነው። አቃቂና ቦሌ ለሚ አካባቢ የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። የብረት ጣሪያ ቀላል ስለሆነ ከክብደቱ ይልቅ የሚያሳስበው ነፋስ እንዳያነሣው ነው፤ ዋናው ሸክም ያለው ታች ነው። ጥሬ ዕቃው፣ ማሽኑ፣ ፎርክሊፍቱ ሁሉ እዚያ ነው። የፎርክሊፍት ጎማ ትንሽና ደረቅ በመሆኑ ጭነቱን ጠባብ ቦታ ላይ ያሳርፋል፤ የወለሉ ጆይንት ጠርዝ ቀድሞ የሚፈረፈረው ለዚህ ነው። ስለዚህ መረሬው ተቆርጦ ይወጣል፣ ሰሌክት ማቴሪያል (የማያብጥ የተመረጠ ሙሌት) ገብቶ ይጠቀጠቃል፣ የዝናብ ውኃ ከሕንፃው ሥር እንዲርቅ ይደረጋል። ተቀብሮ የሚቀር ወጪ ስለሆነ ክርክር ይበዛበታል። እዚህ ላይ አልደራደርም።

ደስታውስ? ለእኔ ብርሃኑ ነው። የአውሮፓ መጻሕፍት የጣሪያ መስኮት ወደ ሰሜን ይዙር ይላሉ፤ እዚያ ፀሐይ በቀትር ሁሌም በደቡብ ናት። አዲስ አበባ ግን በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። እንዳለ የተቀዳ መስኮት በግንቦት ሠራተኛውን አናቱን በፀሐይ ያስመታዋል። የመስኮቱን የፀሐይ መከለያ ለእኛ ሰማይ አስልቶ መሥራት ያስደስታል። በትክክል ከተሠራ ቀን ላይ መብራት ቢጠፋ እንኳ ማሽኑ ይቆማል እንጂ አዳራሹ አይጨልምም፤ ሠራተኛው መውጫውን አይቶ ይወጣል።

ፋብሪካ ለመገንባት ያሰባችሁ ካላችሁ አደራ፦ የማሽኑን ክብደት፣ ልክና የመሠረት ሥዕል ከአቅራቢው በጽሑፍ ሳትቀበሉ፣ አፈሩንም ሳታስመረምሩ ቁፋሮ አታስጀምሩ።