ባለ ብዙ ሞተር ሞዴል ሮኬት፤ ስለ አሠራሩና ስለ አተኳኰሱ

ሞዴል ሮኬት የሚባለው አካሉ ከካርቶን፥ ክንፎቹም ባልሳ ከሚባለው ቀላል እንጨት የተሠሩ፥ በፋብሪካ የተዘጋጀ ትንሽ የባሩድ ሞተር የሚያስወነጭፈው፥ ከፍታውንም ከጨረሰ በኋላ ፓራሹት ዘርግቶ በደኅና የሚወርድ ሮኬት ነው። ባለ አንድ ሞተሩን መሥራት ትዕግሥት ላለው ተማሪ ሁሉ የሚቻል ነገር ነው። ሦስት ወይም አራት ሞተሮች በአንድነት የሚነሡበት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረውም ይህንኑ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሥራው የተጀመረው በአሜሪካ ነው። በነብራስካ ግዛት፥ በኖርፎክ ከተማ የጫማ ሱቅ የነበረው ኦርቪል ካርላይል ከወንድሙ ከሮበርት ጋር በ1954 የመጀመሪያውን ሞዴል ሮኬት ሠራ። በዚያ ዘመን፥ ይልቁንም በ1957 ስፑትኒክ ከመጠቀ ወዲህ፥ ብዙ ወጣቶች ራሳቸው የቀመሙትን ነዳጅ በብረት ቧንቧ እየሞሉ ይተኩሱ ነበር፤ ቧንቧውም እየፈነዳ ብዙዎችን አቍስሏል። ጂ. ሃሪ ስታይን የተባለ የሮኬት ሠራተኛ ስለዚሁ አደጋ በመጽሔት የጻፈውን ካርላይል አንብቦ የራሱን ሮኬት ላከለት። ከዚያ ወዲህ የሥራው የመጀመሪያ ደንብ፥ ማንም ሰው ሞተሩን በገዛ እጁ እንዳይቀምም፥ አካሉንም ከብረት እንዳይሠራ የሚከለክል ሆነ። ባለ ብዙ ሞተር ሮኬት ሲሠራም ይህ ደንብ አይላላም።

በሞተሩ ላይ «ሲ6-5» የሚል ምልክት ታትሞ ይገኛል። ፊደሉ የጠቅላላውን ግፊት መጠን ያመለክታል፤ ከአንዱ ፊደል ወደሚቀጥለው ሲታለፍ ከፍተኛው መጠን እጥፍ ይሆናል። 6 ማለት አማካይ ግፊቱ 6 ኒውተን ነው ማለት ነው። 5 ደግሞ ነዳጁ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱን የሚገፋው ባሩድ እስኪነድ ድረስ የሚያልፈው ሴኮንድ ነው። በአንድ ሮኬት የሚገቡት ሞተሮች ሁሉ ምልክታቸው አንድ ዓይነት ቢሆን ይሻላል።

አሁን ሦስት ሲ6 ሞተሮች ያሉትን፥ 300 ግራም የሚመዝን ሮኬት እንውሰድ። ክብደቱ 3 ኒውተን ያህል ነው፤ የሦስቱ ሞተሮች ግፊት ሲደመር 18 ኒውተን ስለሚሆን የክብደቱ 6 እጥፍ ነው። አንዱ ሳይቀጣጠል ቢቀር ግፊቱ ወደ 12 ኒውተን፥ ማለትም ወደ 4 እጥፍ ይወርዳል። በልማድ ከ5 እጥፍ በታች እንዳይሆን ይመከራል። ነገር ግን ዋናው ጕዳት የኃይሉ ማነስ አይደለም። የቀሩት ሁለቱ የሚገፉት ከመካከለኛው መሥመር ወደ አንድ ወገን ስለሆነ ሮኬቱ ይጠመዘዛል።

ይህ የማዞር ኃይል ስንት ነው? ስሌቱ ከሚጠበቀው በላይ ቀላል ነው፦ ያልነደደው ሞተር ሊሰጥ ይገባው የነበረው ግፊት፥ ከመካከለኛው መሥመር ባለው ርቀት ተባዝቶ ነው። የሞተሮቹ ብዛት በዚህ ውስጥ አይገባም። ሦስቱ ሞተሮች ተጠጋግተው ሲታሠሩ እያንዳንዱ ከመካከሉ 11 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ስለዚህ 66 ኒውተን ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለመልክ ሲባል እያንዳንዱ ከመካከሉ 40 ሚሊ ሜትር ርቆ ቢቀመጥ ግን 240 ይደርሳል። እኛ በበኩላችን ሞተሮቹን በውጭ በኩል እንደ ጌጥ ማንጠልጠሉን ለጀማሪ አንመክርም።

አንባቢው፥ ታላላቆቹ ሮኬቶችስ እንዴት ይችሉታል ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። በ1968 አፖሎ 6 በተተኰሰ ጊዜ ከሁለተኛው ክፍል 5 ሞተሮች 2ቱ በጕዞ ላይ ጠፉ፤ ሮኬቱ ግን የቀሩትን ሞተሮች አዘንብሎ መንገዱን አስተካከለ። ደግሞም ሳተርን 5 ከመነሣቱ በፊት፥ የመጀመሪያው ክፍል 5 ሞተሮች ሁሉ በሙሉ ኃይል መንደዳቸው እስኪረጋገጥ ድረስ በብረት ክንዶች ተይዞ ይቆይ ነበር። ሞዴል ሮኬት ሁለቱም የሉትም። መሪው ክንፉ ብቻ ነው፤ ክንፍም ፍጥነት ከሌለ አይሠራም። ያዥም ስለሌለው፥ አንዱ ሞተር ከሌሎቹ ቀድሞ ቢቀጣጠል ሮኬቱ ብድግ ብሎ የሌሎቹን ሽቦ ነቅሎ ይሄዳል።

እንግዲህ ሥራው ሁሉ የሚያርፈው በኤሌክትሪኩ ላይ ነው። ማቀጣጠያ ሽቦዎቹ ሲሪስ በሚባለው አኳኋን እንደ መቍጠሪያ ዶቃ ተከታትለው ቢያያዙ፥ አንዱ ቀድሞ ሲበጠስ ለሌሎቹ ኤሌክትሪክ ይቋረጣል። ስለዚህ ፓራለል በሚባለው አኳኋን እያንዳንዱ ለብቻው ከሁለቱ ዋና ሽቦዎች ጋር ይያያዛል። በዚህ ጊዜ የሚፈለገው ኤሌክትሪክ በሞተሮቹ ቍጥር ስለሚበዛ የእጅ ባትሪ ድንጋይ አይበቃም፤ 12 ቮልት የመኪና ባትሪና ወፍራም ሽቦ ያስፈልጋል። የእያንዳንዱ ማቀጣጠያ ጫፍ ነዳጁን መንካቱን አንድ በአንድ መመልከት አሰልቺ ነው፤ ግን የሚታለፍ አይደለም። ለምሳሌ ከ100 ማቀጣጠያ 98ቱ የሚሠሩ ቢሆን፥ ሦስቱ በአንድነት የሚነሡት ከ100 ጊዜ 94 ጊዜ ያህል ነው፤ ሰባት ሲሆኑ ግን ወደ 87 ይወርዳል።

ስለ አካሉ ጥቂት እንጨምር። በሞተር መያዣዎቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት በወረቀትና በሙጫ ካልተደፈነ፥ ፓራሹቱን መግፋት የሚገባው ጋዝ ወደ ኋላ ያመልጣል፤ ሮኬቱም እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ሞተሮቹ በጅራት በኩል ስለሚከብዱ የክብደቱ ማዕከል ወደ ኋላ ይሸሻል። ይህ ማዕከል ነፋሱ ከሚገፋበት ማዕከል ቢያንስ በአንድ የአካሉ ስፋት ያህል ቀድሞ እንዲገኝ፥ ክንፎቹን ማስፋት ወይም በአፍንጫው ውስጥ ክብደት መጨመር ያስፈልጋል።

የአሜሪካ የሮኬት ማኅበር ደንብ ለትንንሾቹ ሞተሮች 5 ሜትር ያህል መራቅን ያዛል፤ ሞተሮቹ ብዙ ሲሆኑ ግን እኛ 10 ሜትርን እንመርጣለን፤ ተመልካቾች ደግሞ ከዚያ ርቀው ቢቆሙ መልካም ነው። ተጭኖ የማይነሣ ሲሆን የማቀጣጠያውን ቍልፍ ነቅሎ 60 ሴኮንድ መጠበቅ ግዴታ ነው። ሮኬቱ በርሮ ከወረደ በኋላም ሞተሮቹን አውጥቶ መመልከት ያስፈልጋል፤ ሳይነድ የተመለሰ ሞተር ካለ ባሩዱ እንዳለ ነውና፥ ሮኬቱን ሮጦ የሚያነሣው ልጅ አስቀድሞ ይህን ማወቅ አለበት።